«መናፍቅ»፦ ጥርጥርና እርግጠኝነት በጥንቱ የሃይማኖት ክርክር

ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጎንዴ ሳይደረስ የምትገኝ የስንዴ አገር ከተማ ናት። ይህ ጽሑፍ የተወጠነው እዚያ፣ በአክስቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የጥናት ጽሑፍ በለቅሶ ወግ መጀመሩ ለዚህ መጽሔት እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁንና ጥያቄው የመጣልኝ ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከዚያ በመሆኑ መነሻውን መደበቁ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሟች ልጆች አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ድንኳኑ ውስጥ ከዘመድ ራቅ ብሎ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ የአባቴ ታላቅ ወንድም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «መናፍቅ እናቱን ሊቀብር መጣ» አሉ። ልጁ አቀረቀረ። ዝምታው ከብዶ ሳለ፣ ከአጎቴ ጎን የተቀመጡት የሠፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ተመለሱና፣ «ተው ጋሼ፣ ይህን ቃል እኛም አለን፤ ሙናፊቅ እንላለን። ሙናፊቅ ግን ወጥቶ የሄደውን አይደለም፤ ውስጡ ሌላ ሆኖ ከመሐላችን የተቀመጠውን ነው። ይህ ልጅ እንደሆን ያለበትን አልደበቀ» አሏቸው። አጎቴ መልስ አልሰጡም። ለቅሶው ቀጠለ።

እኔ ግን የግእዝ መጻሕፍትን ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ሆኜ፣ አንድ ቃል በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጡ የሁለት ሃይማኖት ሽማግሌዎች አፍ ሁለት ትርጉም ይዞ ሲገናኝ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አጎቴ የቆጡት የተጠራጠረውን ነው፤ ሐጂ የሚያወግዙት የሚደብቀውን ነው። ለመሆኑ ቃሉ መጀመሪያ ማንን ነበር የሚከስሰው? ከቀብሩ እስከ አርባው ባሉት ቀናት ይህን ስፈልግ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቃሉ እንነሣ። «መናፍቅ» የተገኘው «ናፈቀ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ሲሆን፣ የግሡ ሥር ከፍሎ ለሁለት ማድረግን ይይዛል። «ንፍቅ» ማለት እኩሌታ፣ ገሚስ ማለት ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ሳያስተውለው ያውቀዋል፤ «ንፍቀ ዲያቆን» ስንል የዲያቆንነቱን መንገድ ገና በእኩል ላይ ያለውን ማለታችን ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ናፈቀ» ልቡ ለሁለት ተከፈለ፣ አመነታ፣ ተጠራጠረ ሆነ፤ ግእዙ መጽሐፍ ቅዱስም ጥርጣሬን በዚህ ግሥ ይገልጻል። «ኑፋቄ» መጠራጠር ነው፤ ቀጥሎም ከአንዱ ማኅበር መለየት፣ ኋላም የስሕተት ትምህርት ሆነ። እንግዲህ መናፍቅ በቃሉ መነሻ ልቡ እኩል ለእኩል የሆነበት ሰው ነው። አማርኛችን በዚሁ ፊደል «ናፈቀ» ሲል ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ከሩቅ ያለውን መሻትን። ልጁ ከበሩ አጠገብ ሆኖ የእናቱን ሣጥን ሲያይ የትኛው «ናፈቀ» እንደሚስማማው ለመናገር የሰዋስው መምህር መሆን አያስፈልግም።

ግሪኮቹ በዚህ ቦታ የተጠቀሙበት ቃል ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። «ሃይሬሲስ» ምርጫ ማለት ነው፤ በአንደኛው ምእት ዓመት አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፈሪሳውያንንና ሰዱቃውያንን በዚህ ቃል ሲጠራቸው ምንም ነቀፋ አልነበረበትም፤ የአስተሳሰብ ጎራ ማለቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ናቸው ቃሉን ወደ ነቀፋ ያዞሩት። ስለዚህ የግሪኩ መናፍቅ መራጭ ነው፤ የማኅበሩን ትቶ የራሱን የያዘ። የግእዙ መናፍቅ ደግሞ መምረጥ ያቃተው ነው። አንዱ ከልክ በላይ እርግጠኛ በመሆን ይከሰሳል፣ ሌላው እርግጠኛ ባለመሆን። አንድ ወንጀል በሁለት ተቃራኒ ስሞች መጠራቱ፣ ስለ ወንጀሉ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ከሳሾቹ ብዙ የሚነግረን ይመስለኛል።

ለዚህ የሚቀርበው ምስክር አርዮስ ነው። በሊቃውንቱ መጻሕፍት የመናፍቃን አለቃ እርሱ ነው። ነገር ግን የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ አንድም ቀን የተጠራጠረ አይመስልም። ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ፤ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በትውፊታችን 318 የሚባሉት አባቶች ይህንኑ አወገዙ። እርሱም ሆነ የተቃወሙት አትናቴዎስን የመሰሉ ሰዎች እኩል እርግጠኞች ነበሩ። ሁለት እርግጠኝነቶች ተጋጩ፤ የተሸነፈው ግን በግእዝ «ተጠራጣሪ» የሚል ስም ተረፈው። ጉባኤው ያወጣው ጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን» ብሎ በብዙ ቁጥር መጀመሩን ደግሞ ልብ ይሏል። «አምናለሁ» አይልም፤ እናምናለን ይላል። የማኅበር ቃል ነው፤ ከማኅበሩ አንዱ ለብቻው ቢያመነታ ሰዋስዉ ራሱ ቦታ አይሰጠውም።

ይህ ክርክር ለአክሱም የሩቅ ወሬ አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴሲዮስ አፍ ሰማሁ ብሎ እንደጻፈው፣ ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ ወደ እስክንድርያ በመሄድ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ፤ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። አትናቴዎስ በሕይወቱ አምስት ጊዜ ተሰዷል። በ356 ሸሽቶ በበረሃ ሳለ፣ ለአርዮሳውያን ያደላ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዥዎች፣ ለዒዛናና ለሳይዛና፣ ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በአዲሱ ሊቀ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር የሚል ነው። (ይህ ጊዮርጊስ የቀጰዶቅያ ሰው ይባል እንጂ የልዳው ሰማዕት አይደለም፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያደባልቋቸዋል።) ደብዳቤው ጠፍቶ በቀረ ነበር፤ ያተረፈልን ተከሳሹ አትናቴዎስ ራሱ ነው፣ ለቆስጠንጢዮስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል።

እኔን የሳበኝ የደብዳቤው ሙግት አካሄድ ነው። ንጉሡ ፍሬምናጦስ በዚህ ነጥብ ተሳስቷል አይልም። ፈጥኖ ከመጣ ንጹሕነቱ ይታወቃል፣ ከዘገየና ምርመራውን ከሸሸ ግን በዚያ በክፉው በአትናቴዎስ ቃል መታለሉ ግልጥ ነው ይላል። ማመንታት በራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ዘመናችንም ይህን የክስ ስልት ያውቀዋል፤ «ካልደበቅህ ለምን ዝም አልህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ትውልድ በአገራችን ጥቂት ነው። ፍሬምናጦስ ስለመላኩ የሚናገር ምንም ምንጭ የለም፤ ትውፊቱም እስከ መጨረሻው በአክሱም እንደነበረ ያውቀዋል። ከአክሱም ወገን ለደብዳቤው የተሰጠ መልስም በእጃችን የለም።

ከመልስ ይልቅ ያለን ድንጋይ ነው። የዒዛና ጽሑፎች በአንድ ንጉሥ ዘመን የሃይማኖት ቋንቋ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያሉ። በቀደሙት ላይ ንጉሡ የማህረም ልጅ ነው። በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በሚተርከው የግእዝ ጽሑፍ ላይ ማህረም ጠፍቶ የሰማይ ጌታ ተተካ፤ ክርስቶስ ግን አልተጠራም፣ ሥላሴም የሉም። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንት በዚህ ላይ ተመሥርተው፣ ንጉሡ ክርስቲያን ነበረ ወይስ በአንድ አምላክ ብቻ የሚያምን፣ ወይስ ልቡ ገና በሁለት ነበረ እያሉ ተከራክረዋል። በ1970 ለኅትመት የበቃው ሌላ የግሪክኛ ጽሑፉ ግን አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል፤ እርሱም ስለ ኖባ ዘመቻ የሚናገር ነው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመቻ፣ በግእዙ የሰማይ ጌታ፣ በግሪኩ ሥላሴ።

በእኔ ግምት ይህ የንጉሡን ልብ መከፈል አያሳይም። ግሪኩን የሚያነቡት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችና መልእክተኞች ናቸው፤ ግእዙን የሚያነቡትና ሲነበብ የሚሰሙት የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ገና ማህረምን ያልተዉ። ዒዛና ለእያንዳንዱ አድማጭ ሊሸከም የሚችለውን ያህል ተናገረ። አጎቴ ቢሰሙት መናፍቅ ይሉት ይሆን? ሐጂስ ውስጡንና ውጩን ለየ ብለው ሙናፊቅ ይሉት ይሆን? በዚያ ድንጋይ ፊት ሁለቱም ትርጉሞች ይንገዳገዳሉ፤ ሰውየው ከሣቴ ብርሃንን የተቀበለ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ንጉሥ ነውና።

ክርክሩ በመጽሐፍ የደረሰን ከዚህ በኋላ ነው። ከ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤ በኋላ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ከተመለሱት መጻሕፍት ዋነኛው «ቄርሎስ» ነው፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስ ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ ስለ ርትዕት ሃይማኖት የጻፈውን ጨምሮ የእርሱንና የሌሎች አባቶችን ድርሳናት ይዟል። ከእነዚህ አንዱ፣ ክርስቶስ አንድ ስለመሆኑ የሚናገረው፣ የተጻፈው በምልልስ ነው፤ ጳላድዮስ ይጠይቃል፣ ቄርሎስ ይመልሳል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ዘዴ ነው። የንስጥሮስ ወገን የሚያነሣውን ጥርጣሬ ሁሉ የሚያነሣው ጳላድዮስ ነው፤ ነገር ግን ወዳጅ ነው፣ ስለዚህ አይወገዝም። ያው ጥያቄ ከንስጥሮስ አፍ ሲወጣ ኑፋቄ ነው፣ ከጳላድዮስ አፍ ሲወጣ ትምህርት ነው። ልዩነቱ በጥያቄው ቃላት ውስጥ አይገኝም፤ በጠያቂው መቀመጫ ላይ ነው፤ ከመምህሩ እግር ሥር ወይስ ከበሩ አጠገብ።

ይህ የጳላድዮስ ወንበር በአገራችን ትምህርት ቤት ጨርሶ አልጠፋም። የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ የሚያወርዱት ሐተታ ለአንድ ኃይለ ቃል ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ትርጉም አስቀምጦ አንዱን ሳይጥል ያልፋል። እርግጥ ነው፣ ይህ በዶግማ ላይ አይሠራም፤ በሥላሴ ላይ «አንድም» የለም። ቢሆንም ልብ ለሁለት መከፈሉን ኃጢአት ያደረገ ትምህርት ቤት፣ ትርጉም ለሁለት መከፈሉን ሊቅነት ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ማስረጃ ቶማስ ነው። ካልዳሰስሁ አላምንም ያለውን ሐዋርያ ቤተ ክርስቲያናችን በዳግማይ ትንሣኤ ታስበዋለች፤ መናፍቅ ያለው ግን የለም። ከዚያም አልፎ የፍልሰታ ትውፊት ለጥርጣሬው ሥራ ሰጥቶታል። ቶማስ በደመና ሲመጣ እመቤታችን ስታርግ አግኝቶ ሰበኗን ተቀበለ። ሐዋርያት ቀበርናት ሲሉት ግን ያየውን ደብቆ፣ ሞት በጥር ነሐሴ መቃብር እንዴት ይሆናል ብሎ ተከራከረ። አንተ ጥንትም ተጠራጣሪ ነህ ብለው ሊያሳዩት መቃብሩን ቢከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ይህን ጊዜ ሰበኑን አሳያቸው። እንግዲህ በዚህ ትረካ እርግጠኞቹ ያላዩት፣ ተጠራጣሪ የተባለው ያየው ነው። በሐጂ መለኪያ ደግሞ ቶማስ ያን ቀን ውስጡና አፉ ተለያይቷል! ሕዝቡ ግን ይህን ታሪክ በየነሐሴው በፈገግታ ይሰማዋል።

በኋለኛው ዘመን ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1424 በፈጸመው «መጽሐፈ ምሥጢር» መናፍቃንን አንድ በአንድ በስም እየጠራ ይረታል፤ ብዙዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ግሪኮችና ሶርያውያን ናቸው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን ግን ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ በአገር ሰው ላይ ዐረፈ። ደቂቀ እስጢፋኖስ ለንጉሥ፣ ለሥዕልና ለመስቀል መስገድን እምቢ በማለታቸው ተገረፉ፣ ተገደሉ፤ መሪያቸው አባ እስጢፋኖስም በግዞት አረፉ። ጌታቸው ኃይሌ ገድሎቻቸውን ወደ አማርኛ መልሰውልናል፤ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከተጠራጣሪዎች ጋር አይገናኝም፣ ከአሳዳጃቸው ይልቅ እርግጠኛ ከሆኑ ሰዎች ጋር እንጂ። (ስለ ጥርጥር ሲነሣ በክፍላችን ሁሉም ወደ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ይሮጣል። የመጽሐፉ ደራሲነት ከ1920 ጀምሮ እንዳከራከረ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።)

አሁን ወደ ሐጂ ቃል ልመለስ። በቁርኣን 63ኛው ምዕራፍ «አል-ሙናፊቁን» ይባላል። ሙናፊቅ በመዲና በአፉ እስልምናን ተቀብሎ በልቡ ያልተቀበለው ነው። የዓረብ ቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከበረሃ አይጥ ጉድጓድ ያመጡታል፤ ጉድጓዱ ሁለት አፍ አለው፣ በአንዱ ሲያሳድዷት በሌላው ትወጣለች። ጀርመናዊው ኖልደከ ግን በ1910 ባሳተመው ጥናት፣ ቃሉ ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ያገኘው ከግእዙ «መናፍቅ» መሆኑን አመለከተ፤ ጄፍሪም በ1938 በቁርኣን ባዕድ ቃላት ላይ ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ተቀብሏል። ብቻውንም አልተሻገረም። ሐዋርያ «ሐዋሪዩን»፣ መጽሐፍ «ሙስሐፍ» ሆነዋል፤ 5ኛው ምዕራፍ «አል-ማኢዳ» ስያሜውን ያገኘው ከእኛው ማእድ ጋር ከሚዛመደው ቃል ነው። መንገዱም እሩቅ አልነበረም፤ አክሱማውያን በስድስተኛው ምእት ዓመት በንጉሥ ካሌብ ዘመን ደቡብ ዓረቢያን ገዝተዋል፣ በ615 ደግሞ የነቢዩ ተከታዮች በነጃሺ አገር ተጠልለዋል።

ቃሉ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ትርጉሙ ለምን ዘነበለ? በግእዙ የተከፈለው ልብ ነው። በመዲና አዲስ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ መቀላቀል ጥበቃም ጥቅምም ያስገኝ ስለነበር የሚያስፈራው ወደ ውስጥ ገብቶ ያልገባው ሰው ሆነ። ስለዚህ መከፈሉ ከልብ ውስጥ ወጥቶ በልብና በአፍ መካከል ሆነ። ግእዙም ይህ ጥላ ነበረበት፤ መናፍቅ አንዳንድ ጊዜ አስመሳይ ማለት ይሆናል። ዓረብኛው ያን ጥላ ወስዶ አካል አደረገው፤ እኛ ደግሞ ሌላውን ይዘን ቀረን።

በአርባው ወደ ኢተያ ተመለስሁ። ተዝካሩ ሲደገስ እንደ አካባቢው ልማድ ለእስላም ጎረቤቶች ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቷል። የአክስቴ ልጅ ተዝካር ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ቢሆንም አልቀረም፤ ከበላተኛው ጋር አልተቀመጠም፣ በሁለቱም ድንኳኖች እየተዘዋወረ እጅ ያስታጥባል። አጎቴም ሲደርስባቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቃል አልተነጋገሩም።

ከምሳ በኋላ ያገኘሁትን ለሁለቱ ሽማግሌዎች ነገርኋቸው። ሐጂ በጥሞና አዳምጠው፣ የሙናፊቆች አለቃ ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ሲሞት ነቢዩ ቀሚሳቸውን ለከፈን ሰጥተው እንደሰገዱበት አወሱኝ፤ ቆይተውም፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለው ላይ መስገድ እንደተከለከለ ሳይደብቁ ጨመሩ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው፣

«ቃሉን የላካችሁብን እናንተ ናችኋ፣ ጋሼ!» አሉ።

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከላክነው ቆየን፤ እናንተ ዘንድ ደኅና ተይዟል» አሉና ልጁን ጠርተው ውኃ አምጣልን አሉት።